ግራው የሰፋ ሱሪ

ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አባዬ፣ ሹፍ፣ እይ! እነዚህ እኮ አንተ እንደምትጨፍረው አይጨፍሩም» ስትለኝ የአንድ ደንበኛ ኮት እጅጌ እያሳጠርኩ ነበር። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁና መነጽሬን አስተካከልኩ። ስልኩ ላይ አምስት ጥቁር አሜሪካውያን አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ይጨፍራሉ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ዘፈኑን፣ ሶል የሚባለውን የእነሱን ሙዚቃ፣ ገና ከመጀመሪያው የጡሩንባ ድምፅ አወቅሁት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በካሴት ሰምቼዋለሁ፤ ዘፋኙ የት ላይ ትንፋሹን እንደሚስብ፣ የት ላይ ድምፁ እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ። ሰዎቹን በዓይኔ ሳያቸው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ይሽከረከራሉ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ይወርዳሉ፣ ተመልሰው ይነሳሉ። ሁለቱም እግሮቻቸው እኩል ይሠራሉ። አንዳቸውም ግራ እግራቸውን አይጎትቱም።

«ሌላ አምጪ» አልኳት። ሌላ አመጣች። የሚጎትት የለም። ሴቶች አመጣች፤ እነሱም አይጎትቱም። ላቡ በግንባሩ እየወረደ መሬት የሚንበረከክ አንድ ዘፋኝ አመጣችልኝ፤ ድምፁን ከሁሉም አብልጬ የምወደው ሰው ነው። እሱም ሁለት ደህና እግር አለው።

«ታዲያ አንተን ማን አስተማረህ?» አለችኝ።

«ስልክሽ ነው የተበላሸው» አልኳት። ስደነግጥ እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር እናገራለሁ።

ድንጋጤዬ እንዲገባችሁ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱዳኖቹ ተርዚ ይሉኛል። እንጀራዬ ይሄ ነው። ስሜ ግን የወጣው በሌላ ነው። በዚህ አገር ሐበሻ ሰርግ ሲኖረው፣ እስክስታው ተጨፍሮ ትከሻ ሲደክም፣ «የሶሉ ሰውዬ ይነሳ!» ይባላል። እኔም እነሳለሁ። በቀኝ እግሬ እዞርና ግራውን ከኋላዬ እስበዋለሁ፣ ትከሻዬን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ሰዉም ተከትሎኝ ይጎትታል። ጭፈራውን ጎተታ ብለን ሰይመነዋል። እዚህ የተወለዱ ልጆች የአሜሪካ ጭፈራ መሆኑን ከእኔ ሰምተው ያምናሉ። እኔም አምን ነበር። የልጄ ሰርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ጭፈራውን የምንከፍተው እኔና እሷ ነን፤ ስልኳን የምትጎረጉረውም አንድ ሁለት አዲስ እርምጃ እንጨምርበት ብላ ነው።

ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም። የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ተቀመጥኩና ንዴቴ ቀስ እያለ ወጣ። ያስተማረኝ ሰው አታሎኛል ማለት ነው! በሕይወቴ ከቤተሰቤ ቀጥሎ የወደድኩት ነገር ቢኖር ይህ ሙዚቃ ነው፤ እሱንም አጣሞ ሰጠኝ።

ሰውየውን በስሙ አልጠራውም፤ ያኔም ጋሼ ነበር የምንለው። እኔ ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግሬ አንድ ወቅት ማሳ ላይ ከዋልኩ በኋላ፣ ወገቤ እምቢ ሲል ወደ አባቴ ሙያ ወደ ስፌት የተመለስኩ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ወጣት ነበርኩ። እሱ እኔን በአሥራ አምስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ከከተማው ዳር ባለ ወርሻ፣ የሎሪ መጠገኛ ውስጥ፣ መካኒክ ሆኖ ይሠራል። በወጣትነቱ አስመራ ወታደር ሳለ ከአሜሪካኖች ሬዲዮ የሰማው ሶል ልቡ ውስጥ ቀርቷል። በኋላ ጦሩ ሲበተን ከድንበር ያሻገረው ንብረት አንድ ከረጢት ካሴት ብቻ ነበር።

ዓርብ ዓርብ ወርሻው ይዘጋል። ከቀትር በኋላ አሥራ ሁለት የምንሆን ሐበሾች፣ ልብስ ሰፊ፣ ቀለም ቀቢ፣ የሎሪ ረዳት፣ በቆርቆሮው በር እንገባና ከውስጥ እንቀረቅራለን፤ በዚያ ዘመን ጭፈራ ለፖሊስ በቂ ምክንያት ነበር። ጋሼ ቴፑን ከሎሪ ባትሪ ጋር ያገናኘዋል። ጡሩንባው ይነሳል፣ ከበሮው ይከተላል፣ ከዚያ ያ የሰው ልጅ ድምፅ ይመጣል። ቋንቋው አይገባንም። እኔ ግን ሰውየው እየለመነ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ስድስት ቀን ሙሉ አጎንብሼ የዋልኩበት ድካም በዚያ ድምፅ ተጠርጎ ይወጣልኛል። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ጋሼ መሬት አይቀመጥም። እኛ አሮጌ ጎማ ላይ ስንዘረጋ እሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ሲራመድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ግራ እግሩን ከኋላ ያስከትላል። ሲጨፍርም እንዲሁ ነው፤ በቀኝ እግሩ ይዞርና ግራውን ዘይት ባጠቆረው መሬት ላይ ይስበዋል፤ አፈሩ ላይ ግማሽ ክብ ይቀራል። ከሱሪው ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ልክ በምቱ ላይ። መካኒክ ነው፣ ኪሱ የብሎን ቁልፍ አያጣም ብለን ተውነው።

አንባቢ «ምን ዓይነት ጅሎች ናቸው?» ሊል ይችላል። ልክ ነው። ግን የሶል ዘፋኝ ቆሞ አይተን አናውቅም። ያለን ማስረጃ አንድ የካሴት ሽፋን ነበር፤ ፎቶ ኮፒው ተደጋግሞ ከመገልበጡ የተነሳ ደብዝዟል። ዘፋኙ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ማይክሮፎን ጨብጧል፤ ከጉልበቱ በታች ያለው ወረቀቱ ላይ የለም። «አያችሁ ዘንበል ሲል? ያው የጋሼ ነው!» ብዬ ሁሉንም ያሳመንኩት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጋሼ ሱሪ እንድሰፋለት መጣ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ልለካው ስጎነበስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «መለካት አያስፈልግም፤ በዚህ ልክ» ብሎ አሮጌ ሱሪ ሰጠኝ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳየው ግራው ከቀኙ በሁለት ጣት ይሰፋል። መጀመሪያ የሰፊው ስህተት መስሎኝ ላስተካክለው ጠመኔ አንስቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ ጋሼ የተበላሸ ሱሪ የሚለብስ ሰው አይደለም። ይሄ የሶል ቁርጥ መሆን አለበት! በሁለት ጣት አስፍቼ ሰፋሁለት። ለብሶት ሲወጣ «ልክ ነው?» አልኩት። «ልክ ነው» አለኝ። በደስታ መሬት አልረገጥኩም።

ከዚያ ጉዱ መጣ። የመስቀል ሰሞን ጋሼን ላስደስተው ብዬ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለአሥራ ሁለታችንም ግራው በሁለት ጣት የሰፋ ሱሪ በድብቅ ሰፋሁ። ቀጭ የሚለው ድምፅ እንዳይቀርብንም ሁለት ሁለት የብሎን ቁልፍ በግራ ኪሳችን ከተትን። ዓርብ ወርሻው ገባን። ጋሼ ካሴቱን ከቶ ዞር ሲል፣ ጡሩንባው ሲነሳ፣ አሥራ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ግራ እግራችንን ጎተትን። አሥራ ሁለት ኪስ ቀጭ አለ።

ጋሼ ዓይኑ እግራችን ላይ ቀረ። ቴፑን አላጠፋም። ኮቱን ከምስማሩ አወረደ፣ በሩን ከፈተ፣ ወጣ። «እንባው መጥቶበት ነው፤ ደስ ብሎት ነው» አልኳቸው ለጓደኞቼ። በማግስቱ ሥራውን ለቆ መፋዛ ወደምትባል የወንዝ ዳር ከተማ እንደሄደ ሰማን። ካሴቶቹንም ቴፑንም ትቶ ነው የሄደው። የተሻለ ሥራ አግኝቶ ይሆናል አልንና ካሴቶቹን የስንብት ስጦታ አድርገን ወሰድናቸው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። የልጄን ስልክ ባየሁ በሦስተኛው ቀን በመፋዛ መንገድ የሚመላለስ አንድ ሱዳናዊ የሎሪ ሾፌር ሱቄ መጣ፤ እንደዚህ ያለ ሐበሻ መካኒክ ታውቃለህ ወይ አልኩት። አወቀው። ወንዙ ዳር የውሃ ፓምፕ የሚጠግነው፣ ባለ ብረት እግሩ ሽማግሌ ነው አለኝ።

«የምን ብረት?» አልኩ።

ሾፌሩ እጁን ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አወረደ። ከድሮ ጀምሮ፣ ከጦርነት ነው አለኝ።

ከእኛ ከተለየ በኋላ የደረሰበት አደጋ ነው ብዬ ራሴን ልደልል ሞከርኩ። ግን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሁለቱ ጣት ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። በማግስቱ ስልኬን ይዤ የመፋዛ ባስ ላይ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምጠይቀውን ሳስተካክል ነበር፤ አንዴ እቆጣዋለሁ፣ አንዴ እለምነዋለሁ።

ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ባለቤቱ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረች ጎልማሳ ሴት፣ በሩን ከፈተችና «ማን ልበል?» አለችኝ። «ከገዳሪፍ ነው፤ ልብስ ሰፊው በይልኝ» አልኳት። በሣር በተከደነው ራኩባ፣ በዳሱ ሥር፣ ጋሼ ጀላቢያ ለብሶ አንገረብ አልጋ ላይ ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ሙልጭ ብሎ ሸብቷል። ግራ እግሩ ሳይታጠፍ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ከጀላቢያው ጫፍ ሥር እግሩ ላይ የታሰረው ብረት ይታያል።

«ምን ቀረህ?» አለኝ። ሰላምታ የለ፣ ተቀመጥ የለ።

«ጋሼ፣ አላወቅከኝም መሰለኝ፤ እኔ እኮ...»

«አውቄሃለሁ። ያኔ ሱሪ ነበር። ዛሬስ ምን ሰፍተህ መጣህ?»

ክው አልኩ። ባስ ላይ ያዘጋጀሁት ሁሉ ከራሴ ጠፋ። ያ ዓርብ፣ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ አብልጬ የምኮራበት ቀን፣ በእሱ በኩል ምን እንደነበር ያን ጊዜ አየሁት። የቆሰለ እግሩን ከእኛ ሲደብቅ የኖረ ሰው፣ የሚወዳቸው አሥራ ሁለት ወጣቶች የእሱን ሱሪ ሰፍተው፣ የእሱን ብረት በቁልፍ አስመስለው፣ ፊቱ ቆመው ሲያነክሱበት!

«ጋሼ፣ በማርያም፣ አላሾፍንም» አልኩት። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ።

«አሥራ ሁለት ሰው ግራ እግሩን አስፍቶ?»

«የሶል ቁርጥ መስሎኝ ነው።»

«እግራችሁንስ?»

«ጭፈራው እንደዚያ መስሎን ነው። ወላሂ፣ ጥቁር አሜሪካኖች ሁሉ የሚጎትቱ መስሎን ነው!»

«ቁልፉስ?»

«ምቱ መስሎን» አልኩ።

ጋሼ ትክ ብሎ አየኝ። «እንደዚህ ያለ ጅል በዓለም የለም» አለኝ።

«አለ ጋሼ። አሥራ ሁለት ነበርን።»

አልሳቀም። መካኒክ ሆኖ ለመቀጠር ሲል እግሩን መደበቁን ነገረኝ፤ ብረት ያሰረ ሰው ከሎሪ ሥር ይገባል ብሎ የሚያምን አሠሪ የለም። ከእኛም ቢሆን የደበቀው ዓርብን እንዳያጣ ነው። አስመራ ሳለ በሁለት ደህና እግሩ ይጨፍር ነበር፤ ከቆሰለ በኋላ በቀረው እግር ጨፈረ። «እናንተ ፊት ስጨፍር የዳንኩ ይመስለኝ ነበር፤ እናንተ ግን እግሬን ስትቆጥሩ ኖራችኋል ብዬ ሄድኩ» አለኝ። እንባዬ መጣ፤ ልደብቀውም አልቻልኩም።

ባለቤቱ ከርከዴ የሚባለውን ቀይ መጠጥ በብርጭቆ ሰጥታኝ ቆማ ነበር። «ምን ጭፈራ ነው የምታወሩት?» አለች።

«የእሱን» አልኳት።

«የእሱን? እሱ እኮ ሙዚቃ አይወድም! ሬዲዮ ስከፍት ያስዘጋኛል። ከተጋባን ሃያ ሰባት ዓመታችን ነው፤ አንድ ቀን ሲያንጎራጉር እንኳ ሰምቼው አላውቅም።»

ይህን ስሰማ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩት። እኔ በእሱ ካሴት፣ በእሱ እግር ሠላሳ ዓመት ስጨፍር ጋሼ አንድም ቀን አልጨፈረም። በሰርግ ስሞገስ፣ ሰው ትከሻ ላይ ስወጣ፣ እሱ እዚህ ሬዲዮ እያስዘጋ ነበር።

ላሳየው ያመጣሁት የአሜሪካኖቹን ቪዲዮ ነበር። ተውኩት። አምና ዶካ ከተማ በነበረ ሰርግ ልጄ የቀረጸችውን ከፈትኩለት። ድንኳን ሙሉ ሰው ነው፤ ሰሊጥ አጫጆች አሉ፣ ከመጠለያ ካምፕ የመጡ የትግራይ ልጆች አሉ፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች አሉ። ዘፈኑ ያው የወርሻው ዘፈን ነው። ጡሩንባው ሲነሳ ያ ሁሉ ሰው በቀኝ እግሩ ዞረና ግራውን ጎተተ። ድንኳኑ ውስጥ አቧራ ተነሳ።

ጋሼ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ሲያልቅ እንደገና እንድከፍትለት በጣቱ አመለከተኝ። ሦስት ጊዜ አየው።

«ይቺ ፊት ላይ ያለችው ማን ናት?»

«ልጄ ናት። በሚመጣው ሳምንት ታገባለች። ጭፈራውን የምንከፍተው እኔና እሷ ነን።» ከዚያ ሳስበው የመጣሁትን ሳይሆን ያን ጊዜ የታየኝን ተናገርኩ። «ይሄ እግር ያንተ ነው ጋሼ። ተው ካልከኝ እተወዋለሁ። ለሌሎቹም እነግራቸዋለሁ።»

ጋሼ ዓይኑን ከስልኩ አላነሳም። ባለቤቱ አንዴ እሱን አንዴ ስልኩን ታያለች።

«ይቸኩላሉ» አለ በመጨረሻ።

«እህ?»

«እግራቸውን ቀድመው ይስቡታል። ከበሮው ካለፈ በኋላ ነው የሚሳበው። ብረቱ ይይዘኝ ስለነበር እኔ ሁሌ እዘገይ ነበር፤ ጣዕሙ እሱ ላይ ነው። ዘፋኙም ቢሆን ከምቱ ኋላ ነው የሚቀረው፤ አልሰማችሁትም?» ቁጣው ፊቱ ላይ አለ፤ ቁጣው ግን የአስተማሪ ነበር። በቀኝ እጁ አንገረቡን መታ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ቆየት ብሎ ተረከዙን መሬት ላይ ሳበው። ቀጭ አለ። ባለቤቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰርጉ መቼ ነው ያልከው?» አለኝ።

«እሑድ ሳምንት።»

«የምለብሰው ደህና ሱሪ የለኝም።»

ልብስ ሰፊ ያለ ሜትር አይንቀሳቀስም፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ፊቱ ተንበረከክሁ። ወገቡን ለካሁ፣ ቀኝ እግሩን ለካሁ። ግራው ጋ ስደርስ እጄን አቆምኩ፤ እንደ ያኔው ይሸሻል ብዬ ጠበቅሁ። ጋሼ ጀላቢያውን ከጉልበቱ በላይ ሰበሰበልኝ። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ብየዳው አባጥ ጎርባጣ ነው፤ የቆዳ ማሰሪያው ከሥጋው ጋር ተጣብቋል። ሜትሩን በብረቱ ላይ አዞርኩ። አላመንኩም፣ ደግሜ አዞርኩ።

«ጋሼ፣ አራት ጣት ነው የሚሰፋው።»

«አዎ።»

«እኔ እኮ በሁለት ጣት ነው የሰፋሁልህ! ብረቱን ቀይረኸዋል?»

«አልቀየርኩም። ገዳሪፍ ወርሻ ውስጥ ራሴ የበየድኩት ያው ነው። የሰጠሁህ ሱሪ ከዚያ በፊት በነበረው ቀጭን ብረት የተሰፋ ነው።»

«ታዲያ ልክ ነው ብለኸኝ አልነበረም?»

«ደስ ብሎህ ነበር» አለኝ። «እንጂ በለበስኩት ቁጥር እግሬን ይልጠኝ ነበር።»